ባለ አንድ ዓረፍተ ነገሩ ተዋናይ

በዓለም ላይ ባለ ማንኛውም የአማተር ቲያትር ቡድን ውስጥ፣ ከሁሉም ያነሰ ሚና የተሰጠውና ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያለው አንድ ሰው አለ። ዋናው ተዋናይ ጉንፋን ይይዘዋል፣ መጋረጃው ይቀደዳል፣ አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ ይሰጣል፤ ይህ ሰው ግን አይቀርም። ሚናው ባነሰ ቁጥር አስተያየቱ ይረዝማል። ገጽ ሙሉ የሚናገር ተዋናይ አርፍዶ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ሰው ግን አዳራሹ ሳይከፈት ደርሶ ዘበኛውን "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ዘገየህ?" ይለዋል።

በዚህኛው ቡድን ውስጥ ያ ሰው ክቡር ቆጣሪ አንባቢ ናቸው።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በከተማው ውስጥ ያላንኳኩት በር የለም። በዚህም ምክንያት ሁለት ነገር ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ያምናሉ፤ አንዱ በር ማንኳኳት ነው፣ ሌላው የሰው ትዳር ነው። ጎንበስ ብሎ ቆጣሪ ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ባልና ሚስቱ እንዴት እንዳደሩ ለማወቅ ይበቃል ባይ ናቸው። ክርክር ሲበዛባቸው "ስንት በር ያንኳኳሁ ሰው ነኝ!" ይላሉ። ይህን ካሉ ክርክሩ አልቋል፤ ቢያንስ በእሳቸው በኩል።

የቡድኑ አዘጋጅ ደግሞ በአንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ካርድ ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት። ድምፅዋ ትንሽ ነው። ሥራው ተስማምቷታል፤ ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎች መጥተው በጣታቸው ያመለክታሉ፣ እሷ ራሷን ነቅንቃ ትመልሳለች፣ ማንም ማንም ላይ አይጮህም። ከሕክምና ቤቱ ውጭ ግን የዓይን አፋር ሰው ዕጣ ደርሷታል፤ ንግግር ጀምራ ትንፋሽ ስትወስድ ሌላው ይጨርስላታል። እናቷ ትጨርስላታለች፣ አለቃዋ ይጨርስላታል፣ የታክሲ ረዳቱ እንኳ የምትወርድበትን ቦታ ከአፏ ነጥቆ ይጠራላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ያልተጨረሰው ሁሉ ተጠራቅሞ ቲያትር ሆነ። የጻፈችው እሷ ስለሆነች አዘጋጇ ተባለች፤ እምቢ ለማለት ስትጀምር "እሺ ብላለች!" ብለው ጨረሱላት።

ቲያትሩ የሚያስቅ የፍቅር ታሪክ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ባንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ሳምንታቸውን ሲያሳልፉ ያሳያል። በመስኮት ይጣላሉ፤ እሷ ካልተከፈተ ትታፈናለች፣ እሱ ከተከፈተ ይበርደዋል። በግድግዳው በኩል ማን ይተኛ ብለው ይጣላሉ። የጥርስ ሳሙናው ከሥሩ ይጨመቅ ወይስ ከወገቡ በሚልም ይጣላሉ፤ ይህቺ ከሥራ ቦታ የተገኘች ናት። በመጨረሻ ተኳርፈው፣ ጀርባ ለጀርባ ተዟዙረው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡና ዝም ይላሉ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ገርበብ ያለውን መስኮት እሱ ሊከፍትላት፣ እሷ ልትዘጋለት እኩል ይነሱና እጃቸው ይጋጫል። ሙሽራዋ ትስቃለች። መጋረጃ ይዘጋል።

አዘጋጇ ያን ሁሉ ገጽ የጻፈችው ለዚያ ዝምታ ስትል ነው። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ማንም ሳይገባባቸው፣ ማንም ሳይመክራቸው፣ ራሳቸው እስኪታረቁ ድረስ የሚቀመጡበት ዝምታ። እሱ ከተሳካ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ተናገረች ማለት ነው። ካልተሳካ ወደ ካርዶቿ ተመልሳ ሁለተኛ ብዕር ላታነሳ ለራሷ ቃል ገብታለች።

ሙሽራዋን የምትጫወተው የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ናት፤ ሙሽራውን ደግሞ ጎማ በመጠገን የሚተዳደረው ጎሚስታው። ክቡርነታቸው ጎረቤት ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል፣ ሙሽሮቹ ልክ ሊሳሳሙ ሲሉ አንኳኩተው ይገቡና "ይቅርታ፣ መብራት የጠፋው እኔ ጋ ብቻ ነው ወይስ እናንተም ጋ?" ይላሉ። ጎሚስታው "እኛም ጋ ነው" ይላቸዋል። ይወጣሉ። በቃ።

በቃ ብሎ ነገር ግን ክቡርነታቸው ዘንድ የለም።

በመጀመሪያው ልምምድ ዓረፍተ ነገሩን እንደተጻፈው አሉት። በሚቀጥለው ይቅርታው ሁለት ሆነ። ከዚያ "መብራት የጠፋበት ሰው ባዶ እጁን አይመጣም" ብለው የእጅ ባትሪ ይዘው መጡ። ከዚያ የባትሪውን ታሪክ መተረክ ጀመሩ፤ የሟች ወንድማቸው ነበር። (እሳቸው ወንድም ኖሯቸው አያውቅም።) ከዚያ ደግሞ "ገና አዲስ ናችሁ፣ አይደል?" ብለው አልጋው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። ሙሽሮቹም ሊሳሳሙ እንደነበር ረስተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ተማሪ ያዳምጧቸው ጀመር።

"ጋሼ፣ አልጋው ላይ መቀመጡ…" አለች አዘጋጇ።

"ገብቶኛል ልጄ፣ ወንበር ይሻላል።"

ወንበር ተጨመረላቸው።

የራሳቸው ክፍል ሲያልቅ ደግሞ የሌላው ይጀምራል። "አንተ ልጅ! እጇን ነው የያዝከው ወይስ ክሪክ? የሚስት እጅ እንዲህ አይያዝም። ስንት በር ያንኳኳሁ ሰው ነኝ፣ ባል ሲይዝ አይቻለሁ።"

"ጋሼ፣ ሰዎቹ በር የሚከፍቱልዎ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው?" አለ ጎሚስታው።

"ጥሩ ቤት ከሆነ፣ አዎ!"

"ተዉት ጋሼ፣ እኔ አልከፋኝም" አለች የመድኃኒት ቤቷ ልጅ።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ትናንት ያገባሽ!"

"እኔ እኮ አላገባሁም ጋሼ።"

"እሱ ነው ችግሩ!"

ለማስታወቂያው ሙሽሮቹ ፎቶ ሲነሱም አልቀሩም። ፎቶው ላይ ከሙሽሮቹ ጀርባ በሩ ተገርብቦ በክፍተቱ ግማሽ ፊት ይታያል። ፎቶ አንሺው "አባቴ፣ እባክዎ ከፎቶው ይውጡልኝ" ቢላቸው፣ "እኔ መች ተነሳሁ፤ ጎረቤት ነኝ፣ እያለፍኩ ነው" ብለው እዚያው ቆሙ።

ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ከባዱ ነገር የቡድኑ የቆየ ደንብ ነው። ደንቡ የመጣው ከዚህ በፊት በነበረው ዋና ተዋናይ ምክንያት ነው፤ ሰውየው መልከ መልካም ነበር፣ ቃል ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አያድርም። ስለዚህ መድረክ ላይ ዝምታ ከወደቀ ከጀርባ ለበሩ የቀረበ ሰው የሆነ ነገር እያለ ይገባል ተባለ። ንጉሥም ይሁን አሽከር፣ ይገባል። በመጀመሪያው ክፍል ሞቶ በመጨረሻው የገባ ሰው አለ፤ ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። የዚህ ደንብ ታማኝ ጠባቂ ክቡርነታቸው ናቸው። አንድ ጊዜ በእስር ቤት ትዕይንት ላይ ታሳሪው ቃል ጠፍቶበት ሲንተባተብ፣ የእስር ቤቱን በር አንኳኩተው ገብተው "ቆጣሪ ነበር" ብለዋል።

እናም የመጨረሻው ትዕይንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር፣ ሙሽሮቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ገና አንድ ትንፋሽ እንደሳቡ፣ በሩ ተንኳኳ።

"ይቅርታ፣ መብራት…"

"ጋሼ!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

"የረሱ መስሎኝ ነው።"

"አልረሱም ጋሼ" አለች አዘጋጇ። "ጽሑፉ ላይ ዝም ይላሉ ነው የሚለው።"

"ዝም ብለው ምን ያደርጋሉ?"

"ዝም ይላሉ።"

ክቡርነታቸው በሐዘን ተመለከቷት። "ልጄ፣ እኔ ዝም ልል እችላለሁ። ቲያትሩ ግን ይችላል ወይ?"

በሚቀጥለው ልምምድ ዘበኛው የመድረኩን በር በሚስማር መታው። ክቡርነታቸው በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ። በሦስተኛው በሩም መስኮቱም ተጠብቆ ዝምታው ተጀመረ፤ ከጀርባ ሳል ተሰማ። መጀመሪያ ትንሽ ሳል፣ ቀጥሎ ትልቅ ሳል፣ ከዚያ ንግግር ያለበት የሚመስል ሳል። "ሳል ደግሞ ይከለከል?" አሉ ሲጠየቁ።

ያን ቀን አዘጋጇ ቤቷ ገብታ ወሰነች። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ክቡርነታቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ያም ካልሆነ ጎረቤት የሚባል ሰው ከቲያትሩ ይወጣል። የምትነግራቸውን ዓረፍተ ነገር በመስታወት ፊት ተለማመደችው፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ሌላ ሰው እንዲጨርስላት ፋታ በማይሰጥ ፍጥነት። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች።

በማግስቱ በካርድ ክፍሉ መስኮት አንዲት ወይዘሮ ጉንጫቸውን በመሐረብ ደግፈው ቆሙ።

"አዘጋጇ አንቺ ነሽ?" አሉ። የክቡርነታቸው ባለቤት ነበሩ።

"ጥርስዎን ነው እትዬ?"

"ጥርሱም አለ፤ እሱ ይቆይ። ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ያቺን የመብራት ነገር እንዳትወስጂበት።"

አዘጋጇ ያጠናችው ዓረፍተ ነገር ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ።

"ሰሞኑን ፊቱን አይቼ ነው" አሉ ወይዘሮዋ። "ሊያስወጡኝ ነው መሰለኝ ይላል። የኔ ልጅ፣ ልጆቻችን አግብተው ከወጡ ወዲህ እኛ ቤት ወሬ የሚባል ነገር አልነበረም። ድሮም የሚያወራው የሰው ቤት ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ እሱም ቀረ። እንበላለን፣ ሳህን አነሳለሁ፣ ይተኛል። አሁን ግን ከልምምድ ሲመጣ ውጭ ይቆምና በሩን ያንኳኳል።"

"የራሳችሁን በር?"

"የራሱን በር! ቁልፉን ኪሱ ይዞ! እኔ እከፍትና 'እኛም ጋ ነው' እላለሁ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆመዋል። ትናንት የወንድሙን ባትሪ ሲነግረኝ አለቀስኩ።"

"ወንድም እኮ የላቸውም እትዬ።"

"አውቃለሁ። አነጋገሩ ነዋ።" መሐረቡን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩት። "በይ አሁን ካርዴን አውጪልኝ፣ ጥርሴ ሊገለኝ ነው።"

አዘጋጇ ካርዱን አወጣች። ቀኑን ሙሉ የሰው ካርድ ከሰው ካርድ ስትቀላቅል ዋለች። ማታ አዳራሽ ስትደርስ ክቡርነታቸው ለዘበኛው መጋረጃ እንዴት እንደሚሳብ ያስተምሩ ነበር። ለብቻቸው ጠራቻቸው።

"ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ እንዳይ…"

"እንዳልገባ።"

"አዎ። እንዲምሉልኝ ነው።"

ክቡርነታቸው ትንሽ ዝቅ ብለው አዩአት፤ መባረር ጠብቀው መሐላ ሲመጣላቸው ተነፈሱ። ቀኝ እጃቸውን አነሱ። "ይቺን በር ካንኳኳሁ እጄን ይቁረጠኝ! አዳራሹ በእሳት ቢያያዝ አልገባም።"

"ድመት መንኩሳ፣ አመሏን አትረሳ" አለ ጎሚስታው ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቶ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። በመጀመሪያው ክፍል ክቡርነታቸው ገብተው መብራቱን፣ ባትሪውን፣ ወንድማቸውን፣ ያላቸውን ሁሉ ዘረገፉ። ሕዝቡ ሳቀ። አንድ ተመልካች "እኛም ጋ ጠፍቷል ጋሼ፣ ይቀጥሉ!" ብሎ ጮኸ፤ እሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ጊዜ የሚባሉ ሰው አይደሉም። ጎሚስታው "እኛም ጋ ነው" እያለ ትከሻቸውን ይዞ ባያስወጣቸው ኖሮ ሙሽሮቹ እስከ ዛሬ አይሳሳሙም ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። አዘጋጇ ከበሩ ጀርባ ቆማለች፤ ክቡርነታቸው ከጎኗ፣ እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ቀብረው። ሙሽሮቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ።

ዝም።

አዳራሹ አብሮ ዝም አለ። የሚስቁት አፋቸው ላይ ያለውን ሳቅ ዋጡት፣ ቦርሳ ትከፍት የነበረች ሴት እጇ ዚፑ ላይ ቀረ። ባለትዳሮች ወደ ጎናቸው ላለማየት ወደ ፊት አዩ። አዘጋጇ ዓይኗን ጨፈነች። ያሰበችው፣ የጻፈችው፣ ማንም ሳይጨርስላት ልታየው ስትጠብቀው የቆየችው ነገር ነበር። ከጎኗ ክቡርነታቸው እንደተጣደ ጀበና ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን አልገቡም። ሳል እንኳ አልወጣቸውም።

ዓይኗን ስትገልጥ ጎሚስታው አልተነሳም።

መነሳት ነበረበት። መስኮቱን ያያል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ የሚያደርገውን ረስቶታል። ሙሽራዋም እሱ ካልተነሳ መነሳት እንደሌለባት ብቻ ታውቃለች። ዝምታው ልኩን አለፈ። ወንበር ተንቋቋ። ከኋላ አንዱ "ረሱት እኮ" አለ፣ ሌላው ኪኪ አለ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ በዓይኗ ጫፍ በሩን ማየት ጀመረች። ሲያዩት የሚያስጠላቸውን ያን በር!

"ጋሼ" አለች አዘጋጇ በሹክሹክታ። "ይግቡ።"

ክቡርነታቸው ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

"ረስቷል ጋሼ! ይግቡ!"

"ምያለሁ።"

"እኔ ፈቅጃለሁ!"

"መሐላ በፈቃድ ይነሳል እንዴ ልጄ? አዳራሹ ቢቃጠል ብያለሁ።" ፊታቸው የሰማዕት ፊት ነበር። ስንት ልምምድ ያበላሹት ሰው ለመታመን የመረጡት ሰዓት ይሄ ነው።

በዚህ ጊዜ ያቺ ዓይን አፋር፣ ያቺ ሰው ሲገፋት ይቅርታ የምትጠይቅ ልጅ፣ ሁለት መዳፏን ጀርባቸው ላይ አሳርፋ ባላት ኃይል ገፋቻቸው።

ሳያንኳኩ ገቡ። እየተንገዳገዱ መድረኩ መሃል ደርሰው ቆሙ። ሳያንኳኩ ገብተው ስለማያውቁ የሚሉት ጠፋቸው። አፋቸውን ከፈቱ። አዘጋጇ አሁን ወንድምየው ከነባትሪው ሊመጣ ነው ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ክቡርነታቸው የተኳረፉትን ሁለት ጀርባዎች አዩ። ቀና ብለው ወደ ተመልካቹ ሲያዩ ባለቤታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ጥርሳቸውን ተነቅለው፣ መሐረባቸውን ይዘው። ክቡርነታቸው የከፈቱትን አፍ ገጠሙት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት እንደገባ ሰው በእግራቸው ጣት እያንዳንዷን ሳንቃ እየመረጡ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ወጡና በሩን እንዳይሰማ አድርገው ገጠሙት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ተንፈራፈረች፤ ጎሚስታው አልጋው ሲንቀጠቀጥ ነቃና መስኮቱ ትዝ አለው። ብድግ አለ፣ እሷም ብድግ አለች፣ እጃቸው ተጋጨ። መጋረጃው ተዘጋ።

ከትርኢቱ በኋላ ሰው ሁሉ ክቡርነታቸውን ከበበ። "ዝምታ ቀላል እንዳይመስላችሁ" ይሉ ነበር መሃል ቆመው። "መናገርማ ማንም ይናገራል።" ጎሚስታው ይቅርታ ሊጠይቅ አዘጋጇ ጋ መጣና ገና አፉን ሳይከፍት አንድ ሽማግሌ ተመልካች ቀደሙት። "ከሁሉ እዚያ ጎረቤቱ ገብቶ ምንም ሳይል የወጣበትን ወደድኩት። እንዴት መጣልሽ?"

አዘጋጇ ወደ ክቡርነታቸው አየች። "እሱ እንኳ በጣም ነው የከበደኝ" አለች።

እሑድ ከሰዓት ቲያትሩ ተደገመ። ጎሚስታው ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ሁሉን ነገር በቃሉ ይዟል። የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ፣ ሙሽሮቹ ተቀመጡ፣ ዝምታው ወረደ። እንደተጻፈው ነበር፤ ማንም አልሳለ፣ ማንም አልረሳ። ጎሚስታው ጊዜውን ጠብቆ ሊነሳ ጉልበቱን ሲያመቻች ከበሩ ጀርባ ለቆሙት ይታያል። ይህንን ዝምታ ስንት ጊዜ እንደለመነች የምታውቀው አዘጋጇ ብቻ ናት።

ከጎኗ ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ ኮሌታቸውን አስተካክለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆመዋል። መሐላቸውን አላፈረሱም። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው፣ እሷ እንኳ በቀላሉ በማትሰማው ድምፅ፣

"ልጄ፣ ዛሬ አትገፊኝም እንዴ?" አሏት።

አዘጋጇ ዝምታዋን አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ሁለት መዳፏን ጀርባቸው ላይ አሳረፈች።